ካትራሜ ያልተገዛለት ጣሪያ

«ጋሼ፣ ነገሩ ከአቅም በላይ ሆኗል። ምክር ቤቱ እስከ ነገ እልባት ይሰጠው ብሏል» አለ የምክር ቤቱ ዘበኛ፣ በቆርቆሮ ሠሪው ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሞ ቆቡን በእጁ እያሻሸ።

«እኔ እኮ ከመጀመሪያው ተናግሬያለሁ» አለ ጋሽ መዶሻ፣ ቀና ሳይል። «ያረጀ ነው፣ ተበሳስቷል፣ አንዴ በደንብ ካልተደፈነ አያርፍም ብያለሁ። ማን ሰማኝ?»

ዘበኛው ዓይኑን አፈጠጠ። «ማነው ያረጀው?»

«ጣሪያው ነዋ! የአዳራሹ ጣሪያ!»

«የምን ጣሪያ አመጡብኝ፣ ጋሼ! እኔ የመጣሁት ስለ ልጅዎ ነው። ስለ መምህርቷ።»

ጋሽ መዶሻ ያን ጊዜ ነው መዶሻውን ያስቀመጠው። ይህ ስም የወጣለት መዶሻ ከእጁ ስለማይለይ ነው፤ ሲበላም አጠገቡ ነው ይባላል። ሰው ሁሉ ሲጠራው ግን መጀመሪያ ትዝ የሚለው ያ ጣሪያ ነው፣ እሱም ይህንን ያውቃል። ምክር ቤቱ አዳራሹን ሲያሠራ ከፈረሰ መጋዘን የወለቀ አሮጌ ቆርቆሮ በርካሽ ገዝቶ አመጣ። እያንዳንዱ ቆርቆሮ ድሮ በተመታበት ምስማር እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። ጋሽ መዶሻ ቀዳዳው በካትራሜ፣ በዚያ ጥቁር ማሸጊያ፣ ካልተደፈነ ጣሪያ አይባልም ብሎ ነበር። «አንተ ብቻ ምታ፣ ካትራሜው ይገዛል» አሉት። እሱም መታ። ካትራሜው ግን እስከ ዛሬ በመገዛት ላይ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ተሰብሳቢው አዳራሽ ውስጥ ጃንጥላ ዘርግቶ ይቀመጥና እጁን የሚያወጣው ሲያጨበጭብ ብቻ ነው፤ ስድቡ ግን ለምክር ቤቱ ገንዘብ ያዥ ሳይሆን ለጋሽ መዶሻ ነው። ዘበኛው ሲመጣ ስለ ሌላ ነገር መጣ ብሎ አለማሰቡ አይፈረድበትም።

«ልጄ ምን አደረገች?»

«ነገ እኩለ ቀን ላይ አዳራሽ ትቅረብ ተብሏል። ደግሞ...» ዘበኛው ጉሮሮውን ጠረገ። «ወላጅ ይዛ ትምጣ ተብላለች።»

«ወላጅ? የተማሪዎችን ወላጅ የምትጠራ መምህርት እኮ ናት!»

«እሱን ለእኔ አይንገሩኝ፣ ጋሼ። እኔ መልእክተኛ ነኝ» አለና ሊሄድ ሲል ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ያረፈው ማጥለያ ላይ ተተከለ። ጋሽ መዶሻ ገና በስቶ የጨረሰው የሻይ ማጥለያ ነው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይሄንንም ልወስደው ነው። የተበሳ ነገር ሁሉ ተከልክሏል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ጨረቃ ፀሐይ ፊት ልትቆም ነበር። መምህርቷ ይህንን ቀን ስትጠብቅ ዓመት አልፏታል። ጨረቃ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ አትሸፍናትም፣ ዙሪያዋን እንደ ቀለበት ትተውላታለች እያለች ለተማሪዎቿ ስትነግር፣ ልጆቹ የሠርግ ጥሪ እንደ ደረሰው ሰው ቀን ይቆጥሩ ጀመር። ዓይናቸው እንዳይጎዳም ለዚሁ ተብሎ የሚሠራ ጥቁር ወረቀት ከሩቅ አስመጥታ በካርቶን መነጽር ሠራችላቸው።

ከዚያ የከተማው ሰባኪ ስለዚሁ ጉዳይ ሰበኩ። ሰባኪው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ድምፃቸው ለስላሳ፣ ልባቸውም እንደ ድምፃቸው ነው። «ፀሐይ ፊቷን ስትሸፍን እኛም ዓይናችንን ዝቅ እናድርግ» ነበር ያሉት። ይህቺ ቃል ከምእመኑ አፍ ወጥታ ገበያ እስክትደርስ እግር አወጣች፤ ከገበያ ምክር ቤት ስትደርስ ክንፍ። የመምህርቷ መነጽር ልብስን አሳልፎ ሰውነት ያሳያል ተባለ። በመነጽሩ ያየው ሁሉ ጥቁር ብቻ እንደሚያሳይ መሰከረ፤ እንዲያውም ምንም ስለማያሳይ ነው ይበልጥ የተጠረጠረው። ሴቶች የትምህርት ቤቱን አጥር ሲያልፉ ነጠላቸውን ማጥበቅ ጀመሩ። መነጽሮቹ ተሰብስበው በምክር ቤቱ ሊቀመንበር ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆለፉ። ሊቀመንበሩ አንዱን አጥልቆ በመስኮት ወደ ገበያው ሲያይ ታይቷል ይባላል፤ ምን እንዳየ ግን አልተናገረም፣ ፊቱ ብቻ ቅር ያለው ይመስል ነበር።

መምህርቷ መነጽሩ ሲወሰድባት ልጆቹን ካርቶን በመርፌ እንዲበሱ አስተማረቻቸው። ወደ ላይ ማየት የለም፤ ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ በቀዳዳው አልፎ መሬት ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ማየት ብቻ። ምክር ቤቱ ይህንንም ሰማ። በማኅተም የወጣው ትእዛዝ ሁለት ነገር ይል ነበር፦ በዕለቱ የተበሳ ነገር ይዞ መገኘት ክልክል ነው፤ በዕለቱ ፀሐይን ያየ የመንግሥት ሠራተኛ ከሥራው ይሰናበታል። ጠዋት ሥራ ስንገባስ፣ ብሎ የጠየቀ ሠራተኛ ነበር፤ መልስ ስላልተሰጠው በማግስቱ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ የጠፋ ሳንቲም እንደሚፈልግ አንገቱን ደፍቶ ነው የገባው።

ዘበኛው በመጣበት ዕለት ማታ፣ ራት ላይ ጋሽ መዶሻ ነገሩን እንዴት እንደሚጀምረው ሲያስብ ጉርሻው እጁ ላይ ቀዘቀዘ።

«የኔ ልጅ፣ ይቅርታ በያቸውና ይለፍ።»

«ምን አጠፋሁ ብዬ፣ አባዬ?»

«አጥፍተሽ ባይሆንም። ይቅርታ ማለት ምን ያስወጣል?»

«ሥራዬን እንኳ ቢወስዱት ሌላ ቦታ እቀጠራለሁ» አለች፣ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ። «ግን ለልጆቹ ቃል ገብቼላቸዋለሁ። እኔ ራሴ አርጅቼ እስክሞት ይሄ ነገር እዚህ ከተማ ላይ አይደገምም። እና እነሱ ሆን ብለው በዚያች ሰዓት አዳራሽ ውስጥ ሊቆልፉኝ ነው።»

ከዚያ በኋላ ነው ድምፅዋ የተሰበረው። ሳህኗን ይዛ ተነሳች፤ ጓዳ ገብታ ውሃውን ከፍታ ብዙ ቆየች፣ አንድ ሳህን ግን ያን ያህል አይታጠብም። የጋሽ መዶሻ ባለቤት ባሏን አየችው። «አንተም መዶሻህን ይዘህ ዝም በል እሺ!» አለችው፣ ሌላ የምትቆጣው ሰው ስላልነበረ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ሲቃረብ አባትና ልጅ አዳራሹ ደረሱ። የምክር ቤቱ ሰዎች የቻሉትን ሁሉ አድርገዋል። መስኮቶቹን በወፍራም ሸራ ጋርደው፣ በሸራው ላይ ካርቶን ደርበው፣ በካርቶኑ ላይ ደግሞ ብርድ ልብስ ሰቅለዋል። የቁልፉ ቀዳዳ እንኳ በጥጥ ተደፍኗል። የትምህርት ቤቱ ልጆች በሙሉ፣ ሰርቀው እንዳያዩ፣ ተሰልፈው ገብተው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊት ካለው ጠረጴዛ ጀርባ ሊቀመንበሩ፣ አጠገቡ ነጭ የለበሱት ሰባኪ። ዘበኛው በሩን ከውስጥ ዘግቶ ጀርባውን አስደገፈበት።

እንደዚያ ጨልሞ ያንን አዳራሽ ያየው ሰው አልነበረም። ጋሽ መዶሻም ያን ጊዜ ነው ውርደቱን በሙሉ ያየው። ከጣሪያው ቀዳዳዎች የወረደው ብርሃን ወለሉን፣ ጠረጴዛውን፣ የልጆቹን ፀጉር በክብ በክብ ነጠብጣብ ሞልቶታል። ጉዱ ሁሉ እንደ ተዘረገፈ ገንዘብ ተዘርግቶለታል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

ልጁ ግን ወለሉን አየች፣ ቀስ ብላ ወደ ጣሪያው ቀና አለች፣ ከዚያ ከንፈሯን ነከሰች። ጋሽ መዶሻ በጭንቀት ልቧ የሸሸ መስሎት ክንዷን ያዘ። «አይዞሽ።»

«አባዬ» አለችው በሹክሹክታ፣ «ካትራሜውን ስላልገዙልህ ተመስገን በል።»

ምን ማለቷ እንደሆነ ሳይገባው ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አንስቶ ማንበብ ጀመረ። ክሱ ረዥም ነበር። የሕዝብን ሥነ ምግባር፣ የሃይማኖት አባቶችን ምክር፣ የወጣቱን ዓይን፣ የተበሱ ቁሳቁሶችን እያነሳ ሲሄድ ጋሽ መዶሻ አንገቱን ደፍቶ የራሱን ጫማ ያይ ነበር። ጫማው ጫፍ ላይ ከነጠብጣቦቹ አንዱ አርፏል። ክብ ነበር። አሁን ግን ጠርዙ ጎድሏል። እንደ ተነከሰ ብስኩት።

እግሩን አንቀሳቀሰ። ንክሱ አብሮ አልሄደም፤ ብርሃኑ ላይ ነው ያለው። ጎን ያለውን አየ፣ ያም ተነክሷል። ዓይኑን በወለሉ ላይ ወሰደ፤ ሁሉም፣ እስከ ግድግዳው ድረስ፣ በአንድ በኩል፣ እኩል ተነክሰዋል።

ከፊት የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ልጅ እጇን ዘረጋች። አንዱ መዳፏ ላይ ወጣ። ጓደኛዋን በክርኗ ጎሸመቻት። ጓደኛዋ ሌላዋን። ያ ሁሉ ልጅ፣ ለስብሰባ አሥር ጊዜ ዝም በሉ የሚባለው ልጅ፣ ማንም ሳያዘው ዝም አለ።

ብርሃኑ እየከሳ ሄደ። አየሩ ቀዘቀዘ። ከላይ ቆርቆሮው ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ጋሽ መዶሻ ያንን ድምፅ ያውቀዋል፤ ፀሐይ ገብታ ቆርቆሮ ሲቀዘቅዝ የሚያሰማው የማምሻ ድምፅ ነው። በእኩለ ቀን ሰምቶት አያውቅም። ውጭ የነበሩት ወፎች ጸጥ አሉ፣ አንድ ውሻ አንዴ ጮኸና ተወው።

«...እና በመሆኑም...» ሊቀመንበሩ ቆመ። ወረቀቱ ላይ ፊደሉ አልታይ አለው። የታየው ሌላ ነው። ከፊርማው በላይ፣ ከማኅተሙ አጠገብ፣ ቀጭን የብርሃን ቀለበት ተቀምጧል።

ከዚያ ሁሉም ቀለበት ሆነ።

ወለሉ ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ በልጆቹ ትከሻና ጉንጭ ላይ፣ በዘበኛው ቆብ ላይ፣ መሐሉ ጨለማ፣ ዙሪያው ወርቅ፤ ከቁጥር በላይ። ሰባኪው ነጭ ስለለበሱ ከማንም በላይ በእሳቸው ላይ ጎልቶ ነበር። ከትከሻቸው እስከ ጉልበታቸው ቀለበት በቀለበት ሆነው፣ ልብሳቸውን ሊያራግፉት ብድግ አሉና እጃቸው መንገድ ላይ ቀረ። መዳፋቸውን ገለበጡት። አንዱ ገባበት። ጣታቸውን ሊያጥፉበት አልደፈሩም።

«ዓይናችሁን ጨፍኑ!» አለ ሊቀመንበሩ። ድምፁ ግን ትእዛዝ አልነበረም፣ ሕልም ውስጥ እንደሚጮህ ሰው ነበር። የጨፈነ አልነበረም። እሱም አልጨፈነም።

ጋሽ መዶሻ ወደ ጣሪያው ቀና አለ። ስንት ክረምት የተሰደበባቸው ቀዳዳዎች ናቸው። እያንዳንዱን በስም ሊጠራው ይችላል፤ ይሄኛው ከማዕዘኑ፣ ያኛው ውሃው በገንዘብ ያዡ አንገት የሚገባበት። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ አንድ ፀሐይ ገብታለች። አንዷ ፀሐይ፣ ሳትከፋፈል፣ ለሁሉም ሙሉ ሙሉዋን። ሰማይ የሚያህል ነገር በምስማር ቀዳዳ ሾልኮ ጫማው ላይ ይቀመጣል ብሎ ማን ያስባል? ወደ ልጁ ዞረ። ፊቷ በእንባ ርሷል፤ በእንባዋም ላይ አንድ ቀለበት ነበር። እሷ ግን የምታየው ቀለበቶቹን አልነበረም። ተማሪዎቿን ነበር የምታየው።

«እትዬ» አለች ያቺ ትንሽ ልጅ፣ መዳፏን ወደ መምህርቷ አንስታ፣ «እንዳሉን ነው።»

መምህርቷ ራሷን ነቀነቀችላት።

ቀለበቶቹ በአንድ በኩል ተበጠሱ፤ እየወፈሩ፣ እየሞሉ ሄዱ። ቆርቆሮው እንደገና ሲሞቅ ተንጣጣ። አንድ ወፍ ውጭ ሆኖ፣ የነጋ መስሎት፣ ዝማሬውን ሀ ብሎ ጀመረ። ሰባኪው ሲቀመጡ መዳፋቸውን እንደ ዘረጉ ነበር፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ምን እንደሚሉ አይሰማም። አንድ ቃል ብቻ ጋሽ መዶሻ ጋ ደረሰች፤ «ተመስገን» የምትል።

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ወረቀቱን አስተካከለ፣ እንደገና አስተካከለ። ሰባኪውን አየ፣ እሳቸው አላዩትም። ልጆቹን አየ፣ እነሱ ወለሉን ያያሉ። ሥራ ሥራ ነውና ክሱ ጫፍ ላይ የቀረችውን ጥያቄ ፈልጎ አገኛት።

«መምህርት» አለ። «በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ነው የምጠይቅሽ፣ መልስሽም ይመዘገባል። በዛሬው ዕለት ፀሐይን አይተሻል ወይስ አላየሽም?»

ጋሽ መዶሻ የልጁን ክንድ ጠበቅ አደረገ። እሷ እንባዋን በመዳፏ ጀርባ ጠረገች።

«እርስዎ ያዩትን ያህል ነው፣ ክቡር ሊቀመንበር።»