አፍደም ላይ የሚቆመው ባቡር

ባሌ ወልደ ሰንበት በድሬዳዋው ባቡር ላይ ትኬት ሲቆጣጠር የኖረ ሰው ነው። ዛሬ ላሊበላ፣ ቤታችን ውስጥ ተቀምጦ ስሜን ረስቷል። የተወለደበት መንደር ሙጃ የቀረውን የአባቱን በሬ ስም አልረሳም፤ የኔን ነው የረሳው።

ልጃችን የትናየት ከአዲስ አበባ መጫወቻ ባቡር ላከችለት። ሐዲዱ ጠረጴዛው ላይ ክብ ሆኖ ተዘረጋ። ጡብ የሚያህል ጥቁር ትራንስፎርመር አለው፤ መብራቱን ከሶኬት ይቀበልና ለባቡሩ በልኩ ያድለዋል። ለሽማግሌ መጫወቻ ይላካል ብዬ ስቄባት ነበር። ባቡሩ ሲነሣ ግን ወልደ ሰንበት ቀና ብሎ ተቀመጠና ጣቢያዎቹን መጥራት ጀመረ። "ኤረር... ጎታ... አፍደም..."

ክረምት ነው። ጉሙ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወርዶ፣ በሩን አልፎ፣ እስከ ጠረጴዛው እግር ይገባል። ትራንስፎርመሩ እንደ ንብ ያንጎራጉራል፤ ባቡሩ ጉሙን ሰንጥቆ ይዞራል፤ እኔም በርጩማዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ቆላ እወርዳለሁ። ግንባሬን ያልበኛል። የግራር ጥላ በግድግዳው ላይ ወደ ኋላ ይሮጣል። የዚህ አገር ሰው ልሁን የዚያ፣ እንጃ።

እኔና እሱ የተገናኘነው አዋሽ ጣቢያ ነው። አዋሽ ከደረሰ ስሜን እንደሚጠራ ልቤ ነገረኝ። ከዚህ ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

ባቡሩ ግን እሱ "አፍደም" ሲል እዚያው ላይ ይቆማል። በየቀኑ አፍደም! ትራንስፎርመሩ ዝም ሲል ወልደ ሰንበትም አብሮ ይቆማል። ምሳ ሳቀርብለት እንደማያውቃት አስተናጋጅ ቆጥሮኝ "ጉዞ ላይ ነኝ" ይለኛል።

ሳሊሕን አስጠራሁት። ገበያው ዳር ሬዲዮና ሞባይል የሚጠግን ልጅ ነው።

"እማማ የሺሃረግ፣ ምን ሆኑብኝ?"

"እኔማ ደህና ነኝ። የታመመው ይሄ ባቡር ነው።"

ሶኬቱን ቀየረልኝ። እሱ እያለ ባቡሩ ሄደ፤ እሱ ሲወጣ አፍደም ላይ ቆመ። ተመልሶ መጣና ሐዲዱን በአልኮል ወለወለው። "ቆሻሻ ይዞት ይሆናል" አለ።

"በኔ ቤት ቆሻሻ? ምላስህን ሰብስብ!"

እሱ ሲወጣ ያው አፍደም። ከዚያ ወዲያ ትራንስፎርመሩን ነቅሎ ሱቁ ወሰደው። የመኪና አምፖል አገናኝቶበት ቀኑን ሙሉ ሲበራ ዋለ።

"ይሄ ዕቃ ጤነኛ ነው" ብሎ መለሰልኝ።

"እንግዲያ የታመምኩት እኔ ነኛ?"

"እንደሱ አላልኩም፣ እማማ። እስቲ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ያስነሡት፤ እኔ ዳር ሆኜ ልይ።"

ትራንስፎርመሩን ቦታው አስቀመጥኩ፤ አለበስኩት፤ ከላይ ዳንቴሉን ደፋሁበት፤ ማብሪያውን ልነካ እጄን ሰደድኩ።

"ቆይ፣ ቆይ! ይሄ ምንድን ነው?"

"ዳንቴል። ዓይን የለህም?"

"ከሥሩስ?"

"የጋቢ ቁራጭ። በዚህ ብርድ ራቁቱን ይደር? ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ሬዲዮው ለብሷል። ልጄ የላከችው ዕቃ ምን በደለ?"

ሳሊሕ ሳቁን በክንዱ ሸፈነ። "እማማ፣ ይሄ ሲሠራ ይግላል። እነዚህ ቀዳዳዎች መተንፈሻው ናቸው። ሲታፈን እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ያጠፋል፤ ሲበርድለት ይነሣል። እኔ በመጣሁ ቁጥር ለምን አላየሁትም?"

"ሐኪም ፊት ተሸፋፍኖ የሚቀርብ አለ? ገፍፌ ነዋ የምጠብቅህ!"

ገፈፍኩት። ዓይኔን ያፈሰስኩበት ዳንቴል ነው፤ ድሮም ለዚህ ጥቁር ጡብ አይገባውም ነበር።

ባቡሩ ተነሣ። ጉሙ ገባ። ኤረር። ጎታ። አፍደም። ባቡሩ አለፈ። መኢሶ። አሰቦት። ቆላው ቤቱን ሞላው፤ አቧራው ጉሮሮዬን ከረከረኝ።

"አዋሽ!" አለ ወልደ ሰንበት። ተነሥቶ በጉሙ ውስጥ ወደ እኔ መጣ። ፊቴን ትክ ብሎ አየ።

"ትኬት፣ እህቴ?"

ውሸት አልወድም። "የለኝም" አልኩት። "የሠራተኛ ሚስት ነኝ።"

"የማን?"

"የወልደ ሰንበት።"

ፊቱ በራ። "አውቀዋለሁ! ደህና ልጅ ነው።"

"ግትር ነው።"

"እሱስ ግትር ነው" አለና ሳቀ። "አፉን በከፈተ ቁጥር ግን የሺሃረግ፣ የሺሃረግ ነው። እኛን አሰለቸን። በይ ግቢ፤ በመስኮቱ በኩል ቦታ አለ።"

ሳሊሕ ጫማውን በእጁ ይዞ ቀስ ብሎ ወጣ። እኔ በርጩማዬን ከወንበሩ ጎን አስጠጋሁና ተቀመጥኩ። መሬቱ ከሥራችን መሄድ ጀመረ።

"ቀጥሎ መተሐራ ነው" አለኝ።

"አውቃለሁ። ዝም ብለህ ተቀመጥ።"