እስኪይዝ

ስህን ከህንድ ደውላ «አልያዘም» ስትላት ሂዳያ የተማሪ ዩኒፎርም ኮሌታ እየሰፋች ነበር። እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አነሣች።

«ሐኪሞቹ ሃያ ስምንት ቀን ሙሉ ጠበቁ» አለች የወንድሟ ሚስት። «ነጭ ደሙ አልተነሣም። እንደገና ትሰጥ እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቂያት ብለውኛል።»

«መጣሁ በያቸው።»

የታላቅ ወንድሟ የሰዑድ መቅኔ ደም መሥራት ካቆመ ዓመት ሊሞላው ነው። ከቤተሰቡ ተመርምሮ የገጠመለት የሂዳያ ብቻ ነበር። ሁለቱ ግን ሰላምታ ከተለዋወጡ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ያኔ የምትወደው ሰው ሽማግሌ ሲልክ፣ በሟች አባታቸው ቦታ የተቀመጠው ሰዑድ እሷን ሳይጠይቅ መለሳቸው። የሰማችው ሰውየው ሌላ ካገባ በኋላ ነው። ጅዳ ሄደች፤ ሠርታ ወደ ሐይቅ ከተማ ተመለሰች፤ ቂሟም አብሯት ተመለሰ። ባለፈው ወር ህንድ ሄዳ ክንዷን የዘረጋችው ለእናቷ ብላ ነበር።

አምስት ቀን መርፌ ወጓት። ወገቧና የደረት አጥንቷ ከውስጥ የሚፈነዳ እስኪመስላት ታመመች። የሆስፒታሉ አስተርጓሚ ነጅዋ አጠገቧ ተቀምጣ አስረዳቻት፦ ደም የሚሠሩት ሴሎች መቅኔው ውስጥ ግድግዳውን የሙጥኝ ብለው ይኖራሉ፤ መርፌው ያስለቅቃቸውና ወደ ደም ሥር ይወጣሉ፤ ከዚያ ይሰበሰባሉ። የወንድሟ ደም ውስጥ ሲገቡ የአጥንቱን መንገድ ራሳቸው ያገኙታል። እዚያ ደርሰው ካልያዙ ግን ደም አይሠሩም።

ሂዳያ የሱቋን በር ዘግታ ነጅዋ ጋ ደወለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የሰጠሁት ተቀይሜው ነው። በዚያ ይሆን ያልያዘው?»

ነጅዋ አልሳቀችም። «ሴል ቂም አያውቅም እህቴ። ሰውነቱ ነው ያልተቀበለው። አሁን ከሴሉ በፊት የሚሰጡትን መድኃኒት ይለውጡለታል። ቢሆንም ይይዛል ብሎ የሚምልልሽ ሐኪም የለም።»

«መሐላ አልጠየቅሁም» አለች ሂዳያ።

ቤት ስትደርስ እናቷ ኡሙሀኒ ከዙሁር ሶላት ተነሥተው መስገጃቸውን እያጠፉ ነበር። ሁሉን ሰምተው ሲያበቁ መስገጃውን እንደታቀፉ ተቀመጡ።

«አንዴ ሰጠሽ። የአላህ ውሳኔ ሆነ። ሁለታችሁንም ልጣ?»

«እኔን የሚያሳጣሽ ነገር የለውም እማ። አጥንቴን ያመኛል፤ ሳምንት ሳይሞላው ይተወኛል።»

«ባለፈው ስትመለሺ ደረጃ መውጣት አቅቶሽ አልነበር?»

«አቅቶኝ ነበር። ወጣሁት ግን።»

አሮጊቷ ልጃቸውን አተኩረው አዩአት። «ባለፈው እኔ ለምኜሽ ነው የሄድሽ። አሁን ማን ለመነሽ?»

ሂዳያ ፓስፖርቷን ከሣጥን እያወጣች ነበር። ጥያቄው እጇን ያዘው። ሆስፒታል ውስጥ፣ በመስተዋት ማዶ ሰዑድ ተኝቶ ያየችው ቀን ትዝ አላት። ፀጉሩ አልቋል። ሊያናግራት አፉን ሲከፍት እሷ ፊቷን አዞረች። እስከ ዛሬ ስላደረገው እንጂ ስላደረገችው አስባ አታውቅም ነበር።

«ማንም» አለች።

ኡሙሀኒ ተነሥተው ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ጎተቱላት።

በማግስቱ ጠዋት ከኮምቦልቻ ለመብረር ወደ ደሴ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች። መኪናው ከከተማው እንደወጣ ስልኳ ጠራ። የስህን ቁጥር ነበር፤ ድምፁ ግን የወንድ፣ የደከመ።

«ሂዳያ፣ አትምጪ።»

ሰባት ዓመት ያልሰማችው ድምፅ ነው። ስልኩን ከጆሮዋ ጋር አጥብቃ ያዘችው።

«ተሳፍሬያለሁ።»

«እኔ ላንቺ የሠራሁትን አውቃለሁ። ያኔ…» ሳል አቋረጠው። «ያኔ እኮ መጠየቅ ነበረብኝ።»

«ነበረብህ» አለች። ዕንባዋ መጣ፤ ድምፅዋ ግን አልተናወጠም። «አሁንም ተቀይሜሃለሁ ሰዑድ። ስትድን ቁጭ ብለን እንጣላለን። እስከዚያ ግን መርፌው ይወጋኛል፣ አንተም ትቀበላለህ።»

«ባይይዝስ?»

«እንጃ።»

ሚኒባሱ ዳገቱን ተያያዘው። ስልኩ ውስጥ ከባዱ ትንፋሹ ይሰማታል፤ ይቆራረጣል፤ ደግሞ ይቀጥላል። ሂዳያ አልዘጋችም። እሱም አልዘጋም።