ከአፍንጫዋ ወዲያ

ዓይኑ ተመልሶ ነበር።

ፊሊሞን የሥዕል ክፍሉን በር እንደ ከፈተ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ትናንት በቀለም ቢላዋ ፍቆ፣ በሰማያዊ ሸፍኖት የሄደው ዓይን ከሰማያዊው ሥር ቀስ ብሎ ወጥቶ ያየዋል። ይህ ሦስተኛ ጊዜው ነው።

ከሸራው አጠገብ የተለጠፈው፣ ከአሮጌ የሥዕል መጽሐፍ የተገነጠለው ገጽ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለበትም። እዚያ ያለችው ወደ ጎን ዞራ የተቀመጠች ሴት ናት፤ የምትታየው በአንድ ዓይኗ ብቻ ነው። ከአፍንጫዋ ወዲያ፣ የቀረው ፊቷ ሊኖር በሚገባበት ቦታ፣ ሰማይ ይጀምራል። በሰማዩ ላይ አንዲት ነጭ ደመና አለች። የዘይት ቀለም የሚያስተምሩት ጋሽ በዳሳ ገጹን የሰጡት ከሁለት ወር በፊት ነው። «ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ ቅዳልኝ። ያን ጊዜ እናትህን ትሥላለህ» ብለውት ነበር። ሊያዩለት የቀጠሩት ዛሬ ነው።

ፊሊሞን እዚህ ከመምጣቱ በፊት እንጦጦ፣ ለአንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ አራት ዓመት ቀለም በጥብጧል። እዚያ ጻድቃን በሁለት ዓይን፣ አጋንንት በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ከእናቱ የቀረችለት ብቸኛ ፎቶ ደግሞ በጎን የተነሣች ናት። የሞተችው ሦስት ዓመቱ ሳለ ስለሆነ ሌላውን የፊቷን ወገን አያስታውሰውም። ልጅ ሳለ ፎቶዋን ገልብጦ ከጀርባዋ ይፈልገው ነበር።

ጋሽ በዳሳ አራት ሰዓት ላይ ገቡ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሸራውን በቅርብ አዩት።

«አሁንም ጨመርክላት?»

«እኔ... ማለቴ፣ ሸፍኜው ነበር ጋሼ።»

«ያለበስከው ቀለም ሳስቷል፤ የታችኛው ይወጣብሃል። አንተ ልጅ፣ እዚህ ቤት ሲኦል የሚገባ ሰው የለም እኮ። በአንድ ዓይን ብትተዋት ማን ይቀጣሃል?»

ፊሊሞን ፈገግ ለማለት ሞከረ። እርሳቸው ቢላዋውን መዳፉ ላይ አስቀመጡለት።

«ሸራው እስኪታይ ፋቀው። ከፋቅኸው ለእናትህ ሥዕል ሸራ አሁኑኑ እወጥርልሃለሁ። ካልሆነ ይዘኸው ሂድ፣ አትመለስ። ያየኸውን ካልሣልክ፣ ያላየኸውን ፊት እንዴት አድርጌ አስተምርሃለሁ?»

ፊሊሞን ቢላዋውን ሸራው ላይ ወዳለው ዓይን አስጠጋ። ጥቁሩ መሃል ላይ ነጭ ነጥብ አለች፤ ከዓይኑ ሥር የሣላት ደመና ቅሪት ናት፣ ቢፍቃትም ቢሸፍናትም ያልለቀቀች። ከዚህ በፊት ልብ ብሎ አላያትም ነበር። ስለቱ ሲቀርብ የዓይኑ ቆብ ዝቅ ያለ መሰለው። እጁ ወረደ።

ሸራውን አንሥቶ ወጣ። ቀለሙ ስላልደረቀ ፊቷን ወደ ውጭ አድርጎ ያዘው። አዲሱ ገበያ ላይ አንድ የታክሲ ረዳት፣ «ወንድሜ፣ ሴትዮዋም ትሳፈራለች?» አለ። የተሰለፉት ሳቁ፤ ሸራው ወደ እነርሱ ሲዞር ግን ወደ ኋላ አፈገፈጉ። በእግሩ ሄደ።

ቤት ሲደርስ ያሳደገችው አክስቱ ሙሉእመቤት፣ ጳውሎስ ሆስፒታል ስታጸዳ አድራ ገብታ እግሯን በሳፋ ትታጠብ ነበር። ሸራውን ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ቀና ብላ አየችው። ውሃ ውስጥ ያለው እጇ እንዳለ ቀረ።

«ማን ነገረህ?»

«ምኑን?»

«ሞራውን።» እርጥብ ጣቷን ወደ ነጯ ነጥብ ቀሰረች። «የእናትህን ይኼኛውን ዓይን ሞራ ጋርዶት ነበር። ፎቶ ልትነሣ የሄድን ዕለት፣ ፎቶ አንሺውን በዚህ በኩል እንዳታነሣኝ አለችው። አትንገሪብኝ ስላለችኝ ላንተም አልነገርኩህም።»

ነጥቧ ደመና ናት ሊላት ፈለገ።

ሙሉእመቤት እግሯን ሳታደርቅ የተቀመጠችበትን ዱካ ይዛ ተነሣች። ከሸራው አጠገብ፣ ሞራ ባለበት ዓይን በኩል ልትቀመጥ ጎንበስ ካለች በኋላ እንደ ገና ቀና አለች። ዱካውን አነሣችው፤ ዞራም ደህናው ዓይን በሚያይበት ወገን አስቀመጠችው።

«በዚያ በኩል ሲመጡባት ትደነግጣለች» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።