የጆሮ ውሃ ልክ

አባቴ ለሳኝ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ «ድመቱ» ይሉታል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ርብራብ ላይ ሲወጣና ሲወርድ አንድ ቀን እንኳ አንሸራትቶት አያውቅም። ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከአንድ ጣውላ በማይሰፋ መረማመጃ፣ በአንድ እጁ ሙሉ ባልዲ ሲሚንቶ ይዞ በሌላው ስልክ እያወራ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ አንድ የአንጎል ጥናት ላቦራቶሪ ውስጥ ስቀጠርና ሥራዬ ከአይጦች ጋር መሆኑ ሲሰማ፣ ግንበኛው ሁሉ ሳምንት ሙሉ ሳቀ። ፎርማኑማ ባገኘኝ ቁጥር፣ ድመት አይጥ ጠባቂ ወለደ እያለ ትከሻዬን ይመታኝ ነበር። ከሁሉም አብልጦ የሚስቀው አባቴ ነበር።

አሁን ድመቱ ግድግዳ ሳይዝ ከመኝታ ቤት መታጠቢያ ቤት አይደርስም።

ነገሩ የጀመረው ከአምስት ወር በፊት ነው። የኩላሊት ኢንፌክሽን ወደ ደሙ ገብቶ በትኩሳት ራሱን ሳተ። ሆስፒታል ተኝቶ ሁለት ሳምንት በየቀኑ መርፌ ተወጋ፤ ዳነም። ከአልጋው ሊነሳ እግሩን መሬት ሲያስነካ ግን ወለሉ ከሥሩ የሸሸበት ይመስል ወደ ጎን ሄደና የመድኃኒቱን ጠረጴዛ ይዞ ወደቀ። ሐኪሙ ነገሩን አልሸፋፈነም። ሕይወቱን ያተረፈው መድኃኒት የሁለቱንም ጆሮዎቹን የሚዛን ክፍል ጎድቶታል አለን። እናቴ አልተዋጠላትም፤ ይኸው ስጠራው ይሰማኝ የለም ወይ፣ የምን የጆሮ ጉዳት ነው ብላ ተከራከረችው።

ቤት ከገባን በኋላ ለሁለቱም አስረዳኋቸው። በየጆሯችን ውስጥ፣ ከመስሚያው አጠገብ፣ ፈሳሽ የሞላባቸው ሦስት ቀጫጭን የተጠማዘዙ ቱቦዎች አሉ። ጭንቅላታችን ሲዞር ፈሳሹ ትንሽ ወደኋላ ይቀራል፤ አንጎል ወዴትና ምን ያህል እንደዞርን የሚያውቀው ከዚያ ነው። ከሥራቸው ደግሞ ታች የት እንደሆነ የሚነግሩ ደቃቅ ጠጠሮች አሉ። ሰውም፣ ወፍም፣ ዓሣም፣ የኔ አይጦችም በዚሁ ነው የሚሄዱት፤ ላቦራቶሪያችን ውስጥ ደግሞ ይህ የጆሮ ክፍል የተበላሸባቸው አይጦች አሉ። አባቴ ጥቂት አሰበና ከመሣሪያ ቦርሳው ውሃ ልኩን አወጣ። መሐሉ ላይ ያለችውን አረፋ እያየ፣ ቱቦዎቹ ውሃ ልክ ናቸው፣ ጠጠሮቹ ደግሞ ቱንቢ ናቸው በለኛ አለኝ። አራት ዓመት ስማር ማንም እንደሱ አጥርቶ አልነገረኝም።

«ያንተ አይጦች፣ ጆሯቸው የተበላሸው፣ ይድናሉ?» አለኝ ቀጥሎ።

«በሦስት ሳምንት ቀጥ ብለው ይሄዳሉ» አልኩት።

ውሸት አልነበረም። እንዲህ ያለች አይጥ በሦስት ሳምንት ውስጥ ዓይኗን ተጠቅማ መሄድ ትለምዳለች። መብራት ሲጠፋ ምን እንደምትሆን ግን አልነገርኩትም። ፊቱ ሲፈካ አይቼ አፌን ዘጋሁ።

በዚያው ሰሞን ፎርማኑ ሊጠይቀው መጣ። አንተ ድመት፣ የሕንፃው የምሥራቅ ግድግዳ ልስን እስኪጀመር ቦታህን ማንም አይነካብህም አለው። ያ ማለት ወደ ሁለት ወር ገደማ ነው። አባቴ ቀኑን መቁጠር ጀመረ።

የኮሪደራችን ጫፍ ላይ ምስማር መታና ቱንቢውን፣ ያን በክር ጫፍ የታሰረ ብረት፣ ሰቀለ። የቱንቢው ክር ቀጥ ብሎ ሲወርድ፣ ዓይኑን ክሩ ላይ ተክሎ ወደሱ ይራመዳል፤ ደርሶ ይመለሳል፤ እንደገና ይሄዳል። መጀመሪያ በየሦስት እርምጃው ግድግዳውን ይደገፍ ነበር። በወሩ ግድግዳ ሳይነካ ኮሪደሩን ጨረሰው። ክንዴን ስሰጠው፣ ልጄ፣ ዕቃ አስመሰልከኝ እኮ እያለ ይገፋኛል። እናቴ ሳህን እያጠበች ጎንበስ ብላ ታየውና፣ ሙሽራ ይመስል እንዴት ነው አረማመዱ ትለዋለች። ቤታችን ውስጥ ከሆስፒታል ወዲህ የተሳቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እሱ ኮሪደሩ መሐል ሲደርስ መብራት ጠፋ። ኮሪደሩ መስኮት የለውም። ሲወድቅ እጁን እንኳ አልዘረጋም፤ እየወደቀ መሆኑን አላወቀም ነበርና። ስልኬን አብርቼ ስደርስ ከንፈሩ ተተርትሮ ነበር። የጣለኝ መብራቱ ነው፣ እኔ ደህና ነኝ አለኝ። ያኔ ልነግረው ይገባ ነበር። ደሙን ብቻ ጠረግኩለት።

የልስኑ ሥራ የተጀመረ ዕለት ጠዋት አብሬው ሄድኩ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ፎርማኑ ሦስተኛ ፎቅ ያለውን መረማመጃ አሳየውና፣ እስከ ጫፍ ሄደህ ተመለስ፣ ከዚያ የልስን ማንኪያህን ያዝ አለው። አባቴ መሰላሉን ቀስ ብሎ ወጣ። አንዱን ሠራተኛ ለምኖ ቱንቢውን መረማመጃው ጫፍ ላይ አሰቀለ። ከዚያ እጁን ከብረቱ አላቀቀና መራመድ ጀመረ።

ስምንት እርምጃ ሄደ። ከታች ሆኜ ቆጠርኳቸው።

ዘጠነኛው ላይ ነፋስ መጣ። ኃይለኛ አልነበረም፤ ርብራቡን የሸፈነውን ፕላስቲክ ነፋ አደረገውና ቱንቢውን ወደ ግራ ወሰደው። ለሳኝ የሆነ ሰው ግድግዳ ቢጣመምበት ግድግዳውን እንጂ ቱንቢውን አይጠረጥርም። አባቴም ሠላሳ ዓመት ያመነውን አመነ። ክሩ ሲያዘነብል እሱም አብሮት አዘነበለ። የቀረለት ዓይኑ ብቻ ነበር፤ ዓይኑ ደግሞ ያየው ክሩን ብቻ ነው። ጣውላው ላይ በሆዱ ተዘረረ፤ በሁለት እጁ አቅፎት ቀረ። ተነስ ቢሉት አልሰማም። ሁለት ሰዎች ወጥተው ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቁና በገመድ አስረው አወረዱት።

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻል ነበር። ዕድሜውን ሙሉ «አንተ ድመት» ሲለው የኖረው ፎርማን ክንዱን ደገፍ አድርጎ፣ «ቀስ ይበሉ፣ አባት» አለው። አባቴ ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያ ወደ መሬት አቀረቀረ።

ሦስት ቀን ከክፍሉ አልወጣም። በአራተኛው ቀን አይጦቹን አሳየኝ አለኝ። ላቦራቶሪውን የምትመራውን ፕሮፌሰር አስፈቅጄ ወሰድኩት።

የመለማመጃ ክፍላችን መስኮት የለውም። መሐሉ ላይ ትልቅ ክብ ጠረጴዛ አለ፤ ከጠርዙ በአንድ በኩል የአይጧ ጎጆ ተያይዟል። የአይጧ ጭንቅላት ላይ የተተከለች ፀጉር የምታህል ሽቦ የአንዲት የአንጎል ሴሏን ምልክት ወደ ድምፅ ማጉያው ታመጣለች። መጀመሪያ ጤነኛዋን አወጣሁለት። አይጧ ወደ በሩ በዞረች ቁጥር ድምፅ ማጉያው ይንጣጣል፤ ፊቷን ስትመልስ ጸጥ ይላል። ሴሏ ኮምፓስ እንደሆነች፣ ሌሎች ደግሞ ለሌላ አቅጣጫ እንዳሉ፣ ሁሉም የሚሠሩት ከጆሮ በሚመጣ መልእክት እንደሆነ ነገርኩት። መብራቱን አጠፋሁ። በጨለማውም ድምፁ በልኩ ተንጣጣ። አይጧ ጠረጴዛውን ስትዞር ቆይታ፣ ምግቧን አግኝታ፣ በቀጥታ ወደ ጎጆዋ ስትሮጥ በካሜራው ደብዛዛ ስክሪን አየናት።

«ይቺ እኔ ነበርኩ» አለ።

ሁለተኛዋን አወጣሁ፤ መብራቱን መልሼ አጠፋሁ። አይጧ ወዴትም ብትዞር ድምፅ ማጉያው እንደ ዝናብ ተንጣጣ። አይጧ በአንድ ቦታ ትሽከረከራለች፤ ትሄዳለች፤ ጎጆዋን በአንድ ስንዝር ታልፈዋለች።

«ከተጎዳች ስንት ጊዜዋ ነው?»

«ሰባት ወር።»

«ሦስት ሳምንት አልከኝ።»

«በብርሃን ነው፣ አባዬ። የቀረውን አልነገርኩህም።»

 ከዚያ ምን አድርጋችኋት ነው አለኝ። ጆሮዋ ውስጥ መድኃኒት ተጨምሮ ነው አልኩት። ምን ዓይነት መድኃኒት ሲለኝ የምሸሽበት አልነበረኝም። ሆስፒታል በገባ በሁለተኛው ቀን የመርፌውን ብልቃጥ አንስቼ እንዳነበብኩ፣ ላቦራቶሪያችን ፍሪጅ ውስጥ ያለው ያው መድኃኒት መሆኑን እንዳወቅኩ፣ ወደ ሐኪሙ እንደሮጥኩ ነገርኩት። ሐኪሙ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ሌሎቹ መድኃኒቶች ተሞክረው አልሠሩም። አንተ የተማርክ ነህ፣ ይገባሃል፣ ብናቆመው አባትህ እስከ ነገ አይደርስም አለኝ። ቀጥሉ አልኩት። ለእናቴ እንኳ ትንፍሽ አላልኩም።

ድምፅ ማጉያው መንጣጣቱን አላቆመም።

«ብትጠይቀኝ ኖሮ ምን እንደምልህ ታውቃለህ?»

«ራስህን አታውቅም ነበር።»

«አሁን ጠይቀኛ።»

አልጠየቅኩትም።

ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ተነስቷል። ጀርባውን ለስክሪኑ ሰጥቶ በሩን ሊፈልግ ሄደ። በደንባችን ሙከራው አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መብራት አይበራም፤ ገና አራተኛው ላይ ነበርን። አንድ ነገር ከግድግዳ ጋር ተጋጨ። መብራቱን አበራሁት።

አባቴ በሩን ስቶ ከተቃራኒው ግድግዳ ሥር ተንበርክኮ፣ በሁለት መዳፉ ግድግዳውን ይዳብሳል። አይጧ ጠረጴዛው ላይ ቀና አለች፤ ጎጆዋን አየች፤ ሮጣ ገባች። ድምፅ ማጉያው ግን እንደበፊቱ ይንጣጣል።

«ገብታለች አይደል?» አለ ዞር ሳይል።

«ገብታለች።»

«ታዲያ ይሄ ነገር ለምን ዝም አይልም?»

«ጎጆዋን በዓይኗ አየችው እንጂ ወዴት እንደዞረች አታውቅም። አሁንም አታውቅም።»

ግንባሩን ግድግዳው ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ ክንድህን ስጠኝ አለኝ፤ ከታመመ ጀምሮ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው። ሲደገፈኝ ክብደቱ ሁሉ እኔ ላይ ወደቀ።

«ለፎርማኑ ደውልለት» አለኝ ኮሪደሩ ላይ። «ቦታውን ለሌላ ሰው ይስጠው።»

ደወልኩለት። ፎርማኑ በሁለት ቀን ውስጥ ሌላ ለሳኝ ቀጠረ።

የቱንቢው ምስማር ልብሷን እየያዘ ሲያስቸግራት እናቴ ነቀለችው። አባቴ ስንጥቅ ካየ እንቅልፍ የማይወስደው፣ የሰው ቤት ሄዶ እንኳ ግድግዳ የሚደባብስ ሰው ነበር። አሁን በቀን አምስት ስድስት ጊዜ በእጁ ግድግዳውን ይዞ በዚያ ያልፋል። ጣቱ የምስማሩ ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ቆም ይልና ያልፈዋል። እስከ ዛሬ አልደፈነውም።