ሁለተኛ በር

«ምክር ቤቱን ባይለቅ ኖሮ ዛሬ የት በደረሰ» አለ አንዱ የሟቹ የድሮ ባልደረባ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከዚያ ወንበር ተነስቶ የእሳት ማጥፊያ ቆጣሪ ይሆናል?»

የሟቹ ሴት ልጅ፣ መምህርቷ፣ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ሰማችው። ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑን ይዟል፤ ሳሎኑ በኪራይ ወንበሮች ተጨናንቋል። አልተቆጣችም። እሷም ስንት ዓመት ሙሉ ስትጠይቅ የኖረችው ይህንኑ ነበር።

አባቷ በክልሉ ምክር ቤት ውስጥ «አፈ ማር» ነበር የሚባለው። እሱ ሲናገር ያንቀላፋ አባል እንኳ ይነቃል ይሉ ነበር። እሷ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት ግን ድንገት ወንበሩን ለቀቀና የእሳትና አደጋ መከላከል ቢሮ ኃላፊ ሆነ፤ ተለምኖ እንጂ ለምኖ የሚገባበት ሰው የሌለው ሥራ። ከዚያ ወዲህ አቧራ ለብሶ ነበር ቤት የሚገባው። ፋብሪካውን፣ ገበያውን፣ ትምህርት ቤቱን እየዞረ «ይፈተሽ» ስለሚል ነጋዴዎቹ «ጋሽ ይፈተሽ» የሚል ስም አወጡለት። ስሙ እሷ የምትማርበት ክፍል ድረስ ዘለቀ፤ ተሳቀባት። ወር ሙሉ አኮረፈችው። «ለምን ለቀቅክ?» ስትለው «ማውራት ሰለቸኝ» ብሎ አለፋት። ሆስፒታል ተኝቶ፣ ትንፋሽ እያጠረው እንኳ፣ «የድንገተኛ መውጫችሁ በየት በኩል ነው?» ብሎ ነርሷን አስቋታል።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ጠና ያለች ሴት ገብታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። የሚያውቃት አልነበረም። መምህርቷ ሻይ ስታቀብላት ግራ እጇን አየች፤ ከጣቶቿ እስከ ክርኗ ቃጠሎ ያጨማደደው ቆዳ ነው።

«አባቴን በሥራ ነው የሚያውቁት?» አለቻት።

«ልብስ ሰፊ ነኝ» አለች ሴትዮዋ። «የምሠራበት የስፌት ፋብሪካ ሲቃጠል እዚያው ነበርኩ። በሩ አንድ ብቻ ነበር። እኔ ወጣሁ፤ ታናሽ እህቴ ቀረች።»

መምህርቷ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት፣ ሰው የሚሠራበት ሕንፃ ሁሉ ሁለተኛ በር ይኑረው የሚል ሕግ ቀርቦ ነበር። አባትሽ 'ነጋዴውን አናስጨንቀው' ብለው ተናገሩ፤ ተጨበጨበላቸው፤ ሕጉ ወደቀ። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ እሳቱ በተነሳ በሳምንቱ ደጄ ላይ ቆመው። በሩን ዘጋሁባቸው።»

«ተመልሶ መጣ?»

«ሁለት ጊዜ። በመጨረሻው ትልቅ ሰው ናቸው ሳልል 'አንተ' ብዬ ተናገርኳቸው። 'እህቴን የጨረሳት ወሬህ ነው። አሁን ወሬውን ተውና ሂድ በር አስከፍት' አልኳቸው።» ሻይዋን ሳትቀምስ አስቀመጠችው። «ሄዱ። አንድ ሕንፃ ሁለተኛ በር በከፈተ ቁጥር ወደ ስፌት ቤቴ ብቅ ብለው 'ያኛውም ተከፈተ' ይሉኛል። ሌላ ጨዋታ የለንም። ይኸው ሃያ ዓመት።»

«ይቅር አሉት?»

«እኔ እንጃ፣ ልጄ። እህቴን አልመለሱልኝም። ግን ሲዘገዩ 'ምን አግኝቷቸው ይሆን' ማለት ጀምሬ ነበር። ያለፈውን ሳምንትም ስጠብቃቸው ነው የሰነበትኩት።»

«ለእኛ ለምን አልነገረንም?»

«ጠይቄያቸው ነበር። 'ልጄ ከምታፍርብኝ ብታኮርፈኝ ይሻለኛል' አሉኝ።»

መምህርቷ አንገቷን ደፋች። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሲያለቅስ የእሷ ዓይን ደርቆ ነበር፤ አሁን እንባዋ ጉልበቷ ላይ ጠብ ጠብ አለ። ያን ኩርፊያዋን አባቷ እያወቀ፣ ወድዶ እንደተሸከመው ገባት።

አዲስ ለቀስተኞች በር ላይ ሲቆሙ ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። «ልሂድ፤ የቅርብ ሰው ይቀመጥ።»

መምህርቷ የተጨማደደውን እጅ ያዘች። በሰዉ መሃል እየመራች ቤተሰቡ ወደተቀመጠበት ሶፋ ወሰደቻት። አክስቷ «ማን ናት?» በሚል ዓይን አየቻት። እናቷን በክንዷ ቀስ ብላ ፈቀቅ አደረገችና፣ ከእናቷ ጎን በተገኘችው ቦታ ሴትዮዋን አስቀመጠቻት።