የግራ የፊት ጎማ

ጋራዡ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ተንታኙ» ነው የሚሉት። ሥራው ጎማ መፍታት፣ መለጠፍና መግጠም ነው። እጁ ጎማ ላይ ይዋል እንጂ ምላሱ ኳስ ሜዳ ነው የሚውለው። የከተማው ቡድን ስድስት ጨዋታ አንድም ግብ ሳያገባ ከቆየ ወዲህማ ጭራሽ ለይቶለት ነበር። አንዱ ሠራተኛ አሰልጣኙ ይባረር ሲል፣ ሌላው ሜዳው ነው ሲል፣ ተንታኙ ጥፋቱን ሁሉ ዘጠኝ ቁጥር በሚለብሰው አጥቂ ላይ ጭኖት አረፈ። ያ ልጅ ኳስ ስትመጣለት፣ የማያውቃት ዘመድ ሻንጣ ይዛ እንደመጣችበት ነው የሚደነግጠው ይል ነበር።

ከእሁዱ ሽንፈት ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ መምህርቷ መጡ። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። አሮጌዋ ነጭ መኪናቸው የግራ የፊት ጎማዋ ሚስማር ወግቶት አየር ሲያፈስ አድሯል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ክፍል እንዳላቸው ተናግረው ቁልፉን ለመካኒኩ ሰጡ። መካኒኩ የተንታኙ ሚስት ታላቅ ወንድም ነው። ተንታኙን ለዚህ ሥራ ያበቃውም እሱ ነው። መኪና ተረክቦ የሚያስገባው፣ ሲያልቅም አይቶ ለባለቤቱ የሚያስረክበው እሱ ነበር።

ተንታኙ መኪናዋን በክሪክ አነሣ፤ ጎማውን የያዙትን አምስት ዳዶዎች በመፍቻ ፈትቶ ጎማውን አወረደ፤ ቀዳዳውን ለጠፈ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ስለ አጥቂው ስንፍና አጠገቡ ለሚሠራው ቀለም ቀቢ እያስረዳ ነበር። መምህርቷ ግድግዳ ተደግፈው ሲያዳምጡ ቆዩና ጣልቃ ገቡ።

«አጥቂውን ለቀቅ አድርገው» አሉት። «እሁድ ከእረፍት በኋላ አራት ጊዜ ብቻ ነው ኳስ የነካው። ቆጥሬያለሁ።»

ተንታኙ ዞር ብሎ አያቸው። ከወንድማቸው ጋር ሃያ ዓመት ሙሉ ስታዲየም እንደሚገቡ ሲነግሩት ደስ አለው፤ የሚመጥነው ተከራካሪ አገኘ። ጎማውን መልሶ ገጠመና ሦስቱን ዳዶዎች በጣቱ አዙሮ አስገባ። አራተኛውንና አምስተኛውን ግን መሬት ላይ አስቀመጣቸው፤ አንዱ አማካዩ ነው፣ አንዱ አጥቂው፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይህን ያህል ነው ብሎ ሊያሳያቸው ነበር። ክርክሩ ወደ መጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሲደርስ ደግሞ ባሰበት። በአንድ ግብ እየተመራ፣ አሥር ደቂቃ ቀርቶት፣ ኳስ ወደ ኋላ የሚመልስ ቡድን በዓለም ላይ የት አለ ብሎ ጠየቀ። ደንታ ቢኖራቸው ኖሮ ይጣደፉ ነበር።

መምህርቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደንታ አጥተው አይደለም፤ ፈርተው ነው። የፈራ ሰው ኳሷ እሱ ዘንድ እንድትገኝ አይፈልግም። ለሌላ ሰው ያቀብላል።»

ተንታኙ መልስ እየፈለገ ክሪኩን አወረደ። ጎማው መሬት ከነካ በኋላ በመፍቻ ማጥበቅ ይቀረው ነበር። በዚያው ቅጽበት አማቹ መካኒኩ ከግቢው ማዶ «አለቀ?» ሲል ጠየቀው። ተንታኙም ቀና ሳይል «አልቋል» አለ። አማቹ ሌላ መኪና ሥር ነበር፤ ብድግ ብሎ እጁን በጨርቅ ጠረገና ቁልፉን ለመምህርቷ ሰጠ። እሳቸውም ሰዓታቸውን እያዩ ፈጠን ብለው ወጡ።

መኪናዋ ከበሩ እንዳለፈች ተንታኙ መሬቱን አየ። ሁለቱ ዳዶዎች ባስቀመጣቸው ቦታ ተቀምጠዋል። መፍቻው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ዳዶዎቹን ፈትቶበት ከሰቀለው በኋላ አላወረደውም። የመምህርቷ ስልክ ቁጥር አማቹ ዘንድ አለ። «ደውልላቸው» የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ቀለም ቀቢው አጠገቡ ቆሟል፤ የጋራዡ ባለቤትም በመስኮት ይታያል። ሦስት ዳዶ ጎማ ይይዛል፤ ትምህርት ቤቱም ሩቅ አይደለም፤ ሲመለሱ አጠብቀዋለሁ ብሎ ራሱን አባበለ። ዳዶዎቹን አንሥቶ ኪሱ ከተተ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስልክ ተደወለ። ከትምህርት ቤቱ በላይ ባለው ቁልቁለት ላይ ጎማው ወልቆ፣ መኪናዋ ከግንብ አጥር ጋር ተላትማለች። ተማሪዎቹ ሁሉ ክፍል ገብተው ስለነበር መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም። የመምህርቷ ቀኝ ክንድ ግን ሁለት ቦታ ተሰብሯል።

አማቹ ፊቱ አመድ መስሎ ወደ እሱ መጣ። «ዳዶዎቹን አጥብቀህ ነበር?» አለው።

«አጥብቄያለሁ» አለ ተንታኙ።

አማቹ ከዚያ በላይ አልጠየቀም። የጋራዡ ባለቤት ማን እንዳስረከበ ሲያጣራ፣ ሳላይ ቁልፍ የሰጠሁት እኔ ነኝ ብሎ ራሱ ተናገረ። ባለቤቱም ነገሩ እስኪጣራ ቤትህ ቆይ አለው።

ተንታኙ ያን ሳምንት ስለ ኳስ ትንፍሽ አላለም። ሰዎቹ የቡድኑ ሽንፈት አንገቱን አስደፋው ብለው ቀለዱበት። ረቡዕ ከሚስቱ ጋር አማቹ ቤት ሄዱ። አማቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ መዳፎቹን ያያል። እንቅልፍ ካጣ ሦስት ቀኑ ነው። አብረው ምሳ ሲበሉ፣ ጎንበስ ብዬ አንዴ ባይ ኖሮ እያለ ያንኑ ደጋገመ። ተንታኙ ወጡን ወደ አማቹ ጠጋ አደረገለት። ሲመለሱ ሚስቱ መንገድ ላይ አለቀሰች። ወንድሜ አሥራ አራት ዓመት ሲሠራ አንድ መኪና እንዲህ ለቆ አያውቅም አለችው። እሱም ክንዷን ደግፎ ሄደ። ነገ እናገራለሁ አለ በሆዱ። ሐሙስም መጥቶ ሄደ።

ዓርብ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ ሆስፒታል ሄደ። መምህርቷ ክንዳቸው በጀሶ ታስሮ ተጋድመዋል። እንዳዩት በግራ እጃቸው ወንበር አሳዩት።

«አማችህ ትናንት እዚሁ ተቀምጦ አለቀሰ» አሉት። «አይዞህ ብዬ ሰደድኩት። ምን ያድርግ፣ ሰው ይረሳል።»

ተንታኙ አልተቀመጠም። ቆሞ ሁሉንም ተናገረ፤ በጣት ብቻ ስለገቡት ሦስቱ፣ መሬት ላይ ስለቀሩት ሁለቱ፣ «አልቋል» ስላለው ቃል። መምህርቷ ሳያቋርጡት አዳመጡ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«መሬት ላይ መቅረታቸውን መቼ አየህ?»

አመሻሽ ላይ ሳጸዳ ነው ማለት ይችል ነበር፤ የሚያውቅ ሰው የለም። «ከበሩ እንደወጡ ነው ያየሁት» አለ። «ለማስደወል ጊዜ ነበረኝ።»

መምህርቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሳይዞሩም «በል ሂድ» አሉት። «ይህን መስማት ከእኔ ይበልጥ ለሌላ ሰው ይገባል።»

ከዚያው በቀጥታ ወደ ጋራዡ ተመለሰና ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ለባለቤቱ ተናገረ። ባለቤቱ አልጮኸበትም። ከዛሬ ጀምሮ ጎማ እንዳይነካ፣ የተፈታ ዕቃ በናፍጣ እያጠበ እንዲውል ብቻ አዘዘው። ከዚያ ተንታኙ አማቹ ቤት ሄዶ ደጃፉ ላይ እንደቆመ ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ተናገረ። አማቹ የበሩን መቃን ይዞ ሰማው።

«ረቡዕ አብረን ስንበላ፣ እኔ ራሴን ስረግም» አለው፣ «አንተ ምን እያሰብክ ነበር?»

«ነገ እናገራለሁ እያልኩ።»

አማቹ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋ።

ሰኞ አማቹ ወደ ሥራው ተመለሰ። ለእህቱ ሲል ለተንታኙ ሰላምታ ይሰጠዋል፤ ከሰላምታ ያለፈ ግን የለም። መኪናዋን ራሱ ጠገናት፤ ተንታኙ እንዲያግዘው አልጠየቀም። መምህርቷ ከሆስፒታል ሲወጡ ተንታኙ ልትጠይቃቸው በሄደችው በአማቹ ሚስት በኩል መልእክት ላከላቸው፤ ክንድዎ እስኪድን ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ላድርስዎ አለ። አመሰግናለሁ፣ በእግሬ እሄዳለሁ የሚል መልስ መጣ።

መንገዳቸው በጋራዡ በር በኩል ነው። ጀሶ የታሰረ ክንዳቸውን ደረታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ የተማሪዎቹን ደብተር በግራ እጃቸው ይዘው ቀስ እያሉ ያልፋሉ። ተንታኙ ሲያያቸው እጁን ከናፍጣው አውጥቶ ይነሣል። አንዳንድ ቀን አንገታቸውን ጎንበስ ያደርጉለታል፤ አንዳንድ ቀን ሳያዩት ያልፋሉ። እሱ ግን መንገዱ መታጠፊያ ላይ እስኪሰወሩ ድረስ አይቀመጥም።