ሁለቴ የሞተ ፓምፕ

ፓምፑ ሞቷል ብዬ የፈረድኩት ሰኞ ጠዋት ነው። ታላቅ ወንድሜ መኪናው ዳገት ላይ እንፋሎት ብትተፋበት፣ ተሳፋሪዎቹን አውርዶ በገመድ እያስጎተተ ጋራዤ አመጣት። ኮፈኑን ከፈትኩ። ውሃውን በሞተሩ ውስጥ የሚያዞረው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ነው። ቀጥ ብሏል። የመፈተሻ አምፖሌን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ወደ ፓምፑ በሚገባው ሽቦ ላይ አደረግኩ። ቦግ አለ።

«ኤሌክትሪክ እየደረሰው የማይዞር ፓምፕ ምን ይባላል?» አልኩ።

«ዶክተሩ አንተ፣ እኔ አስታማሚ» አለ ወንድሜ።

«ሬሳ ይባላል።»

አዲስ ገዝቶ መጣ። ገጠምኩት። አልዞረም።

«ይሄስ?»

«ከፋብሪካው ሞቶ የመጣ ነው» አልኩ። ፊቴ ላይ ምንም አልታየም፤ ከሙያዬ ውስጥ ይህቺን አሳምሬ እችላታለሁ።

ወንድሜ አሮጌውን ፓምፕ በፌስታል ያዘና «በል መኪናዋን ግፋ። ማዶ ያለችው ልጅ ትየው» አለ።

ልጅቷ እኔ ጋ አራት ዓመት ሠርታ፣ አሁን ከመንገዱ ማዶ የራሷን ጋራዥ የከፈተች ኤሌክትሪሺያን ናት። በቴስተር ያልለካችውን አታምንም። አንድ ቀን ደንበኛ ፊት «መኪና ነው የምትጠግኚው ወይስ ሕዝብ ቆጠራ ላይ ነሽ?» አልኳት። በነጋታው አልመጣችም። ከሰው ሁሉ፣ ስህተቴን እንዳታይብኝ የምፈልገው እሷ ነበረች።

«እንደምን ዋሉ አለቃ» አለች። መኪናዋን እየገፋን በሯ ላይ ደርሰን ነበር።

አሮጌውን ፓምፕ ከፌስታሉ አውጥታ በቀጥታ ከባትሪ ጋር አገናኘችው። ሬሳው እዝዝዝ አለ።

«እግዚኦ፣ ተነሣ!» አለ ወንድሜ።

ከዚያ ቁልፉን አዙራ፣ ቴስተሯን በአዲሱ ፓምፕ ጥቁር ሽቦና በባትሪው ኔጌቲቭ መሃል አስገባች። ማሳ የምንለው ሽቦ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ሥራውን ጨርሶ በሻሲው በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት። ዜሮ አካባቢ ማለት ሲገባው አሥራ አንድ ቮልት አለ። እኔ የፈተሽኩት መሄጃውን ብቻ ነበር። መመለሻውን ማን ያስባል?

ሽቦው ሻሲው ላይ የታሰረበትን ቡሎን ፈታች። ከሥሩ ሰማያዊ ቀለም።

«ከነቀለሙ ነው የታሰረው» አለች። «ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በቡሎኑ ጥርስ በኩል ብቻ ሲያዘግም ቆይቶ፣ ዝገቱ ሲበላው ተቋርጧል።»

ቀለሙን አውቀዋለሁ። አምና ሻሲው ሲበየድ የቀባሁት፣ ሳልፍቀው ቡሎኑን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሽቦው ላይ ያለው አረንጓዴ ቴፕም የእኔ አጠቃለል ነው፣ ሦስት ዙር፣ ጫፉ ታጥፎ። ልጅቷ አራት ዓመት አይታዋለች። አየችኝ። ከዚያ ቴስተሯን አየች።

«ማነው እንዲህ የሠራው?» አለ ወንድሜ።

«ቆየት ያለ ሥራ ነው» አለች።

«እጁ ይባረክ!»

እኔም ሳቅኩ። ሳቄ ሳያንስ «ዘንድሮ ኤሌክትሪሺያን ነኝ የማይል የለም» አልኩ።

ልጅቷ ብርጭቆ ወረቀት ዘረጋችልኝ። «አለቃ፣ እስቲ እርስዎ ይፈግፍጉልኝ።» በአክብሮት ነው ያለችው። ፈገፈግኩ። ሰማያዊው ዱቄት ጣቶቼ ላይ ቀረ። ቡሎኑን አሰርኩ፤ ፓምፑ ዞረ። ጣቶቼን ሱሪዬ ላይ ጠረግኩ፤ ሱሪዬም ሰማያዊ ሆነ።

«ጋሼ፣ የቀባሁት እኔ ነኝ» አልኩት ወንድሜን።

«አውቃለሁ» አለ። «የእማዬን በር ቀብቼ የተረፈውን በጣሳ የሰጠሁህ እኔ አይደለሁ?»

«ታዲያ ማነው ብለህ ለምን ጠየቅክ?»

«አንተን ነበር የጠየቅኩት። እሷ መለሰችልህ።»

ወደ ልጅቷ ዞርኩ። ያን ጊዜ በሰው ፊት ያልኳትን በሰው ፊት ይቅርታ ብዬ ልመልስ አፌን ከፈትኩ።

«አለቃ» አለች፣ «ኮፈኑን ልዝጋ፣ እጅዎን ያንሱ።»

አነሳሁ። የጣቶቼ ምልክት መኪናው ላይ ቀርቷል፣ አምስቱም፣ ሰማያዊ።